ስልክ ወደ መታጠቢያ ቤት የገባበት ታሪክ

ስልክ ይዞ ገላን መታጠብ የአንድ አገር የዕለት ተዕለት ልማድ ሆኖ መጀመሪያ የታወቀው በጃፓን ነው። ሌላው ዓለም ስልኩን ከዝናብ ለማዳን በፌስታል ሲጠቀልል፣ የጃፓን ወጣቶች ሙቅ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፈው መልእክት ይጻጻፉ፣ ዜና ያነቡ፣ ቴሌቪዥን ያዩ ነበር። የአገሪቱ ስልክ ሠሪዎችም ይህን ልማድ አይተው መሣሪያቸውን ማሸግ ያዙ። ማሸጉን የቻሉት ግን ሙያው አስቀድሞ በሌላ ዕቃ ላይ ስለተፈተነ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ዕቃ የእጅ ሰዓት ነው። ሮሌክስ በ1926 ኦይስተር የተባለውን ሰዓት ሲያወጣ የጀርባው ክዳንና የመስታወቱ ቀለበት ከሰዓቱ አካል ጋር በጥርስ ተጠምዝዘው ይገጥሙ ነበር፤ ሰዓቱ የሚሞላበት ቁልፍም እንዲሁ ተጠምዝዞ ይዘጋል። ሕዝቡ ግን ሰዓትና ውሃ አብረው እንደማይሄዱ ያምን ስለነበር በቃል ብቻ የሚያሳምነው አልተገኘም። አጋጣሚው የመጣው በ1927 ነው። መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ በዚያ ዓመት ኦክቶበር 7 ቀን የእንግሊዝን ቻናል በዋና አቋረጠች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ሴት ከእሷ ባነሰ ጊዜ አቋርጫለሁ ብላ ተነሣች፤ ነገሩ ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ግን ጥርጣሬው ግላይትዝንም ነካት። ስሟን ለማጽዳት ኦክቶበር 21 ቀን እንደገና ወደ ባሕሩ ገባች። የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ቪልስዶርፍ ወሬውን ሰምቶ አንድ ኦይስተር ሰጣት፤ እሷም አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ዋኘች። ውሃው እጅግ ቀዝቃዛ ስለነበር ከ10 ሰዓት በላይ ከታገለች በኋላ ሳትጨርስ ወደ ጀልባ ተሳበች። ዋናተኛዋን ያሸነፈው ቅዝቃዜ ሰዓቱን አላቆመውም። ቪልስዶርፍ ኖቬምበር 24 ቀን የዴይሊ ሜይል ጋዜጣን የመጀመሪያ ገጽ ገዝቶ ይህንኑ አስነገረ። ውሃ የሚችል ዕቃን በማስታወቂያ ውሃ ውስጥ ከትቶ ማሳየት የዘርፉ ደንብ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከ80 ዓመት በኋላ ስልክ ሻጮች የተከተሉት፣ በኋላም ፍርድ ቤት ያቆማቸው ይኸው ዘዴ ነው።

ስልክ ከሰዓት የሚከብደው ቀዳዳው ስለሚበዛ ነው። በሰዓት ላይ ሊታሸግ የሚገባው በር አንድ ቁልፍ፣ አንድ መስታወትና አንድ ክዳን ነው። ስልክ ግን መስማትና መናገር አለበት፤ ቻርጅ ይሰካበታል፣ ሲም ካርድ ይገባበታል፣ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ይጫናል። በ2000 ኤሪክሰን በአውሮፓ ያወጣው አር310ኤስ አንቴናው እንደ ሻርክ ክንፍ የቆመ፣ ውሃ፣ አቧራና ውድቀት እንዲችል የተሠራ ስልክ ነበር። የታሰበውም ለግንባታ ሠራተኛ፣ ለመርከበኛና ለተራራ ወጪ ነው። በዚያው ዓመት በጃፓን ካሲዮ ጂዞን የሚባለውን የመጀመሪያ ስልኩን ሲ303ሲኤን አወጣ። ካሲዮ ከ1983 ጀምሮ ጂ-ሾክ የተባለውን የማይሰበር ሰዓት ሲሠራ የኖረ ድርጅት ስለሆነ፣ የላስቲክ ቀለበቱንና የክዳኑን አገጣጠም ከሰዓት ክፍሉ ለመውሰድ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ሁለቱም ስልኮች ወፍራም፣ ሁለቱም የወንድ የሜዳ ዕቃ መልክ ያላቸው ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ጃፓንና አውሮፓ እኩል ነበሩ።

የለያቸው የጃፓኖች አስተጣጠብ ነው። በጃፓን ቤት ሰው መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ይታጠብና ይለቀለቃል። ወደ ገንዳው የሚገባው ከጸዳ በኋላ ነው። ገንዳው ጠለቅ ያለ ነው፤ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ያንኑ ውሃ ቤተሰቡ በየተራ ስለሚገባበት ሳሙና ወደ ውስጡ አይገባም። እንግዲህ ገንዳው የመታጠቢያ ሳይሆን የማረፊያ ቦታ ነው፤ ሰው ከሥራ ደክሞ ሲመለስ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ፣ እስከ ትከሻው ሰጥሞ ይቀመጣል። በጠባብ ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ለሚኖር ወጣት ደግሞ ማንም የማይገባበት ክፍል ይኸው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለው ሰዓት እጅ ሥራ ይፈልጋል፤ ለገንዳ የሚሆኑ ውሃ የማያስገቡ ሬዲዮኖችና ትናንሽ ቴሌቪዥኖች በጃፓን ገበያ የያዙትም ለዚህ ነው።

ስልኩ ይህን ቦታ የያዘው ለመነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ሲቀር ነው። የስልክ አገልግሎት ድርጅቱ ኤንቲቲ ዶኮሞ በፌብሩዋሪ 1999 አይ-ሞድ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር የጃፓን ስልክ ኢሜይል የሚላላክ፣ ዜናና የአየር ጠባይ የሚያነብ መሣሪያ ሆነ። ቀጥሎ በስልክ የሚጻፉና በስልክ የሚነበቡ ልብ ወለዶች መጡ፤ በኤፕሪል 2006 ደግሞ በስልክ ላይ የሚታይ ዲጂታል የቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ።  ፉጂትሱ በ2007 ኤፍ703አይ የተባለውን ውሃ የማያስገባ ስልክ ለዶኮሞ ደንበኞች ሲያቀርብ በገዢነት ያሰበው መርከበኛውን አልነበረም። በ2012 የፓናሶኒክ ኃላፊ ወደ አውሮፓ የሚወስዱትን ስልክ ሲያስተዋውቁ፣ በጃፓን ከሚሸጡት ስልኮች ከ90 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ውሃ የማያስገቡ መሆናቸውን፣ ያለዚያ መሸጥ እንደማይቻልም ተናግረው ነበር፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ወጣት ሴቶች ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ ስልካቸውን እንደማይለቁ ገልጸዋል።

ቁጥሩ የሻጭ አፍ ያለበት መሆኑ አይካድም። አይፎን በጁላይ 2008 ጃፓን ሲገባ ከውሃ የሚጠብቀው አንዳች ማሸጊያ አልነበረውም፤ የሆነ ሆኖ ገበያውን እያደር ወረሰው። ልማዱ ግን አልቀረም፤ አይፎን የያዘው ሰው በ100 የን ሱቅ የሚሸጥ፣ አፉ ተጭኖ የሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ገዝቶ ስልኩን እዚያ ውስጥ ከትቶ ወደ ገንዳው ገባ። ፓናሶኒክ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ስልኩን ይዞ አውሮፓ በደረሰ በአንድ ዓመት ገደማ ከዚያ ገበያ ወጣ። ውሃን መቻል ብቻውን ስልክ አያሸጥም ነበር።

ከጃፓን ውጭ ጉዳዩ በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ነው የተነገረው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን መጀመሪያ በ1976 ያወጣው፣ ዛሬ አይኢሲ 60529 የሚባለው ደረጃ ለኤሌክትሪክ ሳጥኖች፣ ለሞተሮችና ለማብሪያ ማጥፊያዎች የተዘጋጀ ነበር። ‹አይፒ› ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው አኀዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። ሁለተኛው አኀዝ 5 ከሆነ፣ አፉ 6.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውሃ ተረጭቶበት ችሏል ማለት ነው። 7 ከሆነ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቆይቷል። 8 ሲሆን ከዚያ የበረታ ነው፤ ጥልቀቱንና ጊዜውን ግን አምራቹ ራሱ ይወስናል። ሙከራው የሚደረገው በንጹሕ ውሃ ነው፤ በመጥለቅ ሙከራው የውሃውና የዕቃው ሙቀትም ከ5 ዲግሪ በላይ መለያየት የለበትም። ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። 7ን ያለፈ ዕቃ 5ን አልፏል ማለት አይደለም። ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ በሁሉም ጎኑ እኩል ይገፋል፤ የሻወር ውሃ ግን አንድ ቦታ ላይ በኃይል ያርፋል። ስለዚህ ገንዳን የሚችለው ስልክ ሻወርን ላይችል ይችላል። ሁለቱንም ማለፉን መናገር የፈለገ አምራች ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ አለበት።

ሶኒ በጃንዋሪ 2013 ኤክስፒሪያ ዜድን ሲያሳውቅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ስልኩ አይፒ55 እና አይፒ57 ተብሎ ቀረበ። ከዚያ በፊት በ2010 ሞቶሮላ ዲፋይን፣ በ2011 ሶኒ ኤሪክሰን ኤክስፒሪያ አክቲቭን አውጥተው ነበር፤ እነዚያ ግን ትናንሽና መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የስፖርተኛ ስልኮች ነበሩ። ኤክስፒሪያ ዜድ የድርጅቱ ዋነኛ ስልክ ሆኖ ሳለ ውሃን ቻለ፤ የጃፓን ገንዳ ልማድ ወደ ዓለም ገበያ የወጣው በእርሱ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቻርጀር፣ የሲምና የማስታወሻ ካርድ ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው በጥፍር የሚከፈት፣ ከውስጥ የላስቲክ ጠርዝ ያለው ክዳን ነበራቸው። ድክመቱም እዚያው ነው። በየቀኑ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ክዳኑ በየቀኑ ይከፈታል፤ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ጥራጊ ይገባበታል፣ አንድ ቀን ሳይገጥም ይቀራል። ሳምሰንግ በ2014 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ5 በአይፒ67 ደረጃ የወጣ ሲሆን፣ ቻርጀሩ ሲነቀል ‹ክዳኑን በደንብ ዝጋ› የሚል ማሳሰቢያ በስክሪኑ ላይ ያወጣ ነበር። ይህ ስልክ ሌላም የሚታወስ ነገር አለው፤ የጀርባ ክዳኑ ተፈንቅሎ ባትሪው በእጅ ይወጣ ነበር፤ በክዳኑ ዙሪያ የሚሄደው ቀጭን ላስቲክ ውሃውን ያስቀር ነበር። ውሃ የማያስገባ ስልክ የግድ በሙጫ መለጠፍ አለበት የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ክዳኖቹ የጠፉት ማሸጊያው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። በ2016 የወጣው ጋላክሲ ኤስ7 የቻርጀሩ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ አይፒ68 አገኘ፤ 1.5 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ተባለለት። ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ከቀዳዳው ጀርባ ያለውን ማሸጊያ ግን አያልፍም። አፕልም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አይፎን 7ን በአይፒ67 አወጣ፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውን ሲያነሣ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ማሸጉን ማቅለሉ ነበር። ስልኩን የፈቱ ባለሙያዎች መሰኪያው በነበረበት ቦታ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ አገኙ። ነገሩ የአየር መተንፈሻ ነበር፤ ስልኩ የአየር ግፊትን እየለካ ከፍታን የሚገምት መሣሪያ በውስጡ ስላለው ፈጽሞ ሊደፈን አይችልም።

አየር አልፎ ውሃ እንዳያልፍ የሚያደርገው፣ ቦብ ጎር በ1969 ቴፍሎንን በድንገት ስቦ የለጠጠበት ግኝት ልጅ የሆነ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው፤ የአየር ቅንጣት ያልፋል፣ የውሃ ጠብታ ግን ተሰባስቦ ክብ ሆኖ መቆየት ስለሚወድ በቀዳዳው ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ፒቱአይ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት በወታደር ልብስ ላይ የኬሚካል መርዝ እንዳይጣበቅ ከተደረገ ምርምር የመነጨ ቅብ ለስልኮች አቀረበ። እንዲህ ያለው ቅብ ግን ብዙውን ጊዜ ለፍንጣቂ ውሃ እንጂ ለመጥለቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ መታጠቢያ ቤቱ ከላቦራቶሪው ጋር ይጋጫል። የውሃ ጠብታ ተሰባስቦ የሚቆየው በገጹ ላይ ባለው መሳሳብ ነው፤ የሳሙናና የሻምፑ ሥራ ደግሞ ይህንኑ መሳሳብ ማላላት ነው፤ ቆሻሻን የሚያስለቅቀውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ የማያልፈውን ወንፊት የሳሙና ውሃ ሊያልፈው ይችላል። ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስክሪኑን ከአካሉ ጋር የያዘው ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በስልኩ ውስጥ ያለው አየርም ይለጠጥና በመተንፈሻው ይወጣል፤ ስልኩ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ የቀረው አየር ይኮማተርና ከውጭ በእንፋሎት የረሰረሰ አየር ይስባል። እንፋሎት ጠብታ ስላልሆነ በሽፋኑ ያልፋል፤ ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ነው ጠል የሚሆነው። የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ በካሜራው መስታወት ከውስጥ በኩል የሚታይ ጉም ነው፤ በጨርቅ ቢጠረግ አይለቅም። ጉሙ በማግሥቱ ቢጠፋም እርጥበቱ መዳብ ላይ አርፎ ኤሌክትሪክ ካለፈበት ዝገቱ ይጀምራል። ስክሪኑም ቢሆን ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ለውጥ ስለሆነ የሻወር ጠብታን ከጣት መለየት ያቅተዋል፤ ያልተነካ ነገር ይከፈታል፣ የተነካው እንቢ ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ገንዳ ውስጥ መያዝ ነው፤ በዚህ ሰው ሞቷል። ስልክ ውሃ ይችላል መባሉ ከግድግዳ የመጣውን ኤሌክትሪክ አይመለከትም።

ጃፓኖች ይህን ችግር ሸሽተው አላለፉትም። ኪዮሴራ በዲሴምበር 2015 ዲግኖ ራፍሬ የተባለ፣ በእጅ ሳሙና አረፋ የሚታጠብ ስልክ አወጣ፤ እስከ 43 ዲግሪ የሞቀ ውሃም ይችላል ተባለለት። ስልኩ ለጆሮ የሚሆን የድምፅ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ድምፁ የሚመጣው ስክሪኑ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ነው። አምራቹ ማጠቡን ከ700 ጊዜ በላይ እንደሞከረ ገልጾ ነበር። በ2017 የመጣው ተተኪው የገላ ሳሙናንም ጨመረ። ለገንዳ ተብሎ በሐሳብም በሙከራም የተሠራ ስልክ ካለ እነዚህ ናቸው፤ ከጃፓን ውጭ ግን ብዙ ሰው ስማቸውን እንኳ አልሰማም።

በተቀረው ዓለም ማስታወቂያውና የዋስትና ወረቀቱ ተለያዩ። ሶኒ ቀድሞ ስልኩን ውሃ ውስጥ ሆነው ፎቶ ሲያነሡበት ሲያሳይ ቆይቶ በ2015 ኤክስፒሪያ ዜድ5ን ሲያወጣ ውሃ ውስጥ አትጠቀሙበት የሚል ምክር ሰጠ፤ በ2017 በአሜሪካ በቀረበበት የጋራ ክስ ለተጎዱ ደንበኞች እስከ ስልኩ ዋጋ ግማሽ ለመመለስ ተስማማ። በጁላይ 2016 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተቋም ጋላክሲ ኤስ7 አክቲቭን በገባው ቃል መሠረት ሲያጠልቀው ሁለት ስልኮች ተበላሹበት፤ ሳምሰንግ የምርት ጉድለት ማግኘቱንና ማረሙን ገለጸ። የከረረው ክስ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በ2019 ሳምሰንግን የከሰሰው ስልኮቹን በመዋኛ ገንዳና በባሕር ውስጥ በሚያሳዩ ማስታወቂያዎች ሲሆን፣ ስልኩ ሳይደርቅ ቻርጅ ከተደረገ የቻርጅ ቀዳዳው ሊበላሽ እንደሚችል ድርጅቱ አምኗል። በጁን 2022 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ጣልያን ደግሞ በኖቬምበር 2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች፤ የውሃ መቋቋሙ ጸጥ ባለ ንጹሕ ውሃ ለተደረገ ሙከራ ብቻ የሚሠራ መሆኑ በግልጽ አልተነገረም፣ በውሃ የደረሰ ጉዳት ደግሞ በዋስትና አይሸፈንም በሚል።

ጉዳቱ በውሃ መድረሱን የሚመሰክረው ስልኩ ውስጥ የሚለጠፍ ትንሽ ነጭ ወረቀት ነው፤ ውሃ ሲነካው ይቀላል። ምስክሩ ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ ነበር። በቀደሙት አይፎኖች የወረቀቱ ቀለም በአየር እርጥበት ብቻ ተቀይሮ ዋስትና ተከልክለናል ያሉ ደንበኞች አፕልን ከሰው፣ ጉዳዩ በ2013 በ53 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል። የራሰን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበርም ከዚሁ ዘመን ጋር የተስፋፋ መድኃኒት ነው። አፕል በ2024 መጀመሪያ ባወጣው መመሪያ የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ በመዳፍ መታ መታ ማድረግና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል ብሏል። ሩዙ ለወጥ ቢተርፍ ይሻላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሙቅ ውሃ ራሱ ወደ ሙከራው ገብቷል። አይፒ69 የሚባለው ደረጃ መነሻው የጀርመን የተሽከርካሪ ደረጃ ነው፤ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከቅርብ ርቀት በከፍተኛ ግፊት ይረጫል። በ2024 ኦፖ በሕንድ፣ ዋንፕላስ ደግሞ በቻይና ይህን ደረጃ ከአይፒ68 ጋር የያዙ ስልኮች አወጡ። ሳሙና ግን በዚህም ሙከራ ውስጥ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ደግሞ አምራቾች ባትሪውን ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው በሚችል መንገድ እንዲሠሩት ያዛል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው፣ ባትሪው ከ1000 ጊዜ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን የሚይዝና 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚችል ስልክ ነው። የአይፒ ቁጥሩም ከኃይል አጠቃቀሙና ከጥገና ቀላልነቱ ጋር በአንድ መለያ ወረቀት ላይ ታትሞ ከስልኩ ጋር በየሱቁ ይታያል።